ሁዳዴ፣ በዓለ ሃምሳና አይረንማን፦ ብዙ ሰዓት እየተለማመዱ ሳይጎዱ መድረስ

በመጀመሪያው ዓመት ለአይረንማን ስዘጋጅ የቅልጥሜ አጥንት ተጎድቶ ሳልወዳደር ቀረሁ። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ርቀት በሰላም ጨረስኩ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የልምምዱ ጠቅላላ ሰዓት እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው ከባዶቹ ሳምንታት የት እንደተቀመጡ፣ ከልምምድ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደበላሁና ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ነው። ሁዳዴን እየጾማችሁ ለረጅም ርቀት ትራያትሎን የምትዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ዝርዝሩን አስቀምጣለሁ።

ለአዲስ አንባቢ፦ አይረንማን በአንድ ቀን ውስጥ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ ኦአሁ ደሴት ሲጀመር 15 ሰዎች ተነሥተው 12 ጨርሰዋል። እኔ የተዘጋጀሁት ጀርመን ውስጥ ለሚካሄደው ለፍራንክፈርቱ ነው። ዋናው ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኘው ላንገነር ቫልድዜ ሐይቅ ሲሆን ሩጫው በማይን ወንዝ ዳርና ዳር ነው። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት ላይ ይውላል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ልምምዱ መክበድ የሚጀምረው በየካቲትና በመጋቢት፣ ልክ በሁዳዴ ነው። ችግሩ ሁሉ የመነጨው ይህን አስቀድሜ ባለማየቴ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሰዓቱ አጨማመር ነበር። በሳምንት ከ7 ሰዓት ተነሥቼ በአምስት ሳምንት 14 ሰዓት ደረስኩ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ የቆየውን ክፍል ያፈርሳል፣ ቀጥሎ አዲሱን ይገነባል። ማፍረሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲፈጅ ግንባታው ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሩጫ ከጨመራችሁ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት አጥንታችሁ ከበፊቱ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰውነት ደግሞ በዚያው ሰሞን "በረታሁ" ይላል፤ ትንፋሽ ስለማይቆራረጥ ጨምር ጨምር ያሰኛል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ልምምድ በመካከለኛ ፍጥነት መሥራት ነው። ቀላሉ ቀን ቀላል አልነበረም፣ ከባዱም ቀን በቂ ከባድ አልነበረም። ይህን ለማረም የልብ ምታችሁን ወሰን ማወቅ አለባችሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ አሟሙቃችሁ ሠላሳ ደቂቃ ብቻችሁን በተቻላችሁ ጽኑ ፍጥነት ሩጡ፤ የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት ወሰናችሁ ነው። ለምሳሌ 168 ከወጣ ቀላል ሩጫ ማለት ከ85 በመቶው በታች፣ ማለትም ከ143 በታች ነው። የሳምንቱን ሰዓት አምስት እጅ ብትከፍሉት አራቱ እዚህ ውስጥ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ዳገት ላይ እስከ መራመድ ያደርሳል። ነገር ግን በእንጦጦና በሰንዳፋ ጫካ ተከታትለው የሚሮጡትን አትሌቶቻችንን ያየ ሰው ያውቃል፤ በቀላል ቀናቸው እያወሩ ነው የሚሮጡት፣ የዓለም ፈጣኖች ሆነው ሳለ። እኛ በሳምንት አራት ጊዜ ሮጠን ከእነሱ በላይ የምንጣደፍበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተት በጾም ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ምንም ሳልቀምስ ከአንድ ሰዓት በላይ እለማመድ ነበር። ከዚያ ወደ ሥራ፣ ምግብና ውኃ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ከልምምዱ ማብቂያ እስከ መጀመሪያው ጉርሻ ስምንት ሰዓት ገደማ ያልፋል ማለት ነው። ጡንቻ ያጣውን ስኳር ፈጥኖ የሚተካው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ያ ጊዜ ባዶ ሲያልፍ የሚቀጥለው ቀን ልምምድ በባዶ ጎተራ ላይ ይጀመራል። ሰውነትም የጎደለውን ከራሱ፣ ከጡንቻና ከአጥንት ግንባታ ይወስዳል።

ሒሳቡን በቁጥር ልስጣችሁ፤ ባወጣው ኖሮ ያኔውኑ እደነግጥ ነበር። ክብደቴ 68 ኪሎ ነው፤ ስብ ሲቀነስ 58 ኪሎ ያህል ይቀራል። በቀን 2,300 ካሎሪ በልቼ 900ውን በልምምድ ካጠፋሁ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለአጥንትና ለመከላከያ ኃይል የሚቀረው 1,400 ነው። ለ58 ሲካፈል 24 ይመጣል። ጤናማ ሰው 45 አካባቢ ይፈልጋል። ከ30 በታች ለሳምንታት ሲቆይ ሰውነት ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት መገንባት ያቆማል። በዚያ ቀን ይገባኝ የነበረው ምግብ 3,500 ካሎሪ ነበር። ሽሮና ምስር መብላቴ አልጎዳኝም፤ የጾም ምግብ ስፖርተኛን ይመግባል። የጎዳኝ ማነሱና መዘግየቱ ነው።

ምልክቶቹ ነበሩ፤ ያነበብኳቸው በተቃራኒው ነው። በብስክሌት ላይ ያንኑ ዋት፣ ማለትም ያንኑ የጉልበት መጠን፣ እየገፋሁ የልብ ምቴ በአሥር ምት ወረደ። "ጎበዝኩ" አልኩ። እግር ቀላል ሆኖ ምት ሲወርድ መጎበዝ ነው። እግር እንደ ድንጋይ ከብዶ ምት አልነሣም ሲል ግን ሰውነት እጅ እየሰጠ ነው። ክብደቴ በአምስት ሳምንት 4 ኪሎ ቀነሰ፣ እሱንም እንደ ድል ቆጠርኩት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላብ እየነቃሁ መተኛት አቃተኝ። ጉንፋን ሁለት ጊዜ ተመላለሰብኝ። ሴቶች ከእነዚህ በላይ አንድ ግልጽ ምልክት አላችሁ፦ የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ የልምምድ ብዛት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወንዶችም የጠዋት ስሜታቸውና የወሲብ ፍላጎታቸው ለሳምንታት ሲጠፋ ያው ነገር ነው። ስለሚያሳፍር አይወራም እንጂ ከማንኛውም ሰዓት ወይም መሣሪያ በፊት የሚናገረው ይህ ነው።

ከዚያ ቅልጥሜ ታመመ። የአጥንትን ሕመም ከጡንቻ ሕመም መለየት ተማሩ። የጡንቻ ሕመም ሰፊ ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል። የአጥንት ሕመም በአንድ ጣት የምትነኩት ነጥብ አለው፣ በሩጫው እየባሰ ይሄዳል፣ ቆይቶም በእረፍትና በሌሊት ያማል፤ በአንድ እግር ስትዘሉ ይወጋል። ይህ ካለ በዚያው ቀን ሩጫ ይቁም። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስንጥቁን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ "ራጁ ንጹሕ ነው" ተብሎ መልሶ መሮጥ ትንሹን ስንጥቅ ስብራት ያደርገዋል። ኤምአርአይ ጠይቁ። ሕመሙ ብሽሽት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጭን አጥንት አንገት ሊሆን ስለሚችል እግራችሁን ሳትጭኑበት በአስቸኳይ ታዩ።

የደም ምርመራው ሌላውን ግማሽ አሳየ። ፌሪቲን፣ ማለትም የተጠራቀመ ብረት፣ 14 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነበር። ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ከ30 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይሉታል። ቪታሚን ዲ ደግሞ በዚያው መለኪያ 14 ሆኖ ተገኘ፤ ከ20 በታች እጥረት ነው። ይህ ሁለተኛው በሰሜኑ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያንን ሁሉ ይመለከታል። ጀርመን ውስጥ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ፀሐይ ቆዳ ቪታሚን ዲ እንዲሠራ አያበቃውም፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ በበጋም ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ ሁለቱን አስለኩ።

ስለ ብረት አንድ የተሳሳተ መተማመኛ አለን፤ "ጤፍ እየበላሁ ብረት አይጎድለኝም" እንላለን። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ጥቂት የማይባለው በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል። እርሾው በደንብ የቦካ እንጀራ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ያቦካችሁት ከቸኮለው ይሻላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረትን ያግዳሉ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቋቸው። ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን አብሮ መብላት ደግሞ ያግዛል። ሐኪም ክኒን ካዘዘላችሁ ጠዋት፣ ከልምምድ በፊት ወይም እንዳበቃችሁ ወዲያው ውሰዱት፤ ከከባድ ልምምድ በኋላ ባሉት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓታት ሰውነት ብረት የመቀበያውን በር ያጠባል። በየቀኑ ከመዋጥ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ሆድን ያሳርፋል፣ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚገባውም ብረት ይበዛል። ሳትመረመሩ ግን አትዋጡ፤ የበዛ ብረት ጉበት ይጎዳል።

ስድስት ሳምንት አልሮጥኩም። ዋናው በእግሮቼ መካከል ተንሳፋፊ ይዤ ቀጠለ፣ ብስክሌቱ ሕመም ከጠፋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ዳገት ጀመረ። ወደ ሩጫ የተመለስኩት ሠላሳ ደቂቃ በፍጥነት ተራምጄ ምንም ሳይሰማኝ ሲቀር ነው፦ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አሥር ጊዜ፣ ቀን እየዘለልኩ። የሩጫውን ደቂቃ የጨመርኩት በማግስቱ ጠዋት ቅልጥሜን ጫን ጫን አድርጌ ፍጹም ሕመም ሲጠፋ ብቻ ነው። ለዚያ ዓመት ውድድር አልደረስኩም፤ አለመወዳደሬ ትክክል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከልምምድ ሠንጠረዥ በፊት የጾሙን ቀመር ዘረጋሁ። መፍትሔው ያለው እዚያው ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሰባት ሳምንት ነው። ውድድሩ በሰኔ መጨረሻ ሲሆን፣ ፋሲካ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ከዋለ፣ እነዚያ ሰባት ሳምንታት በትክክል ከባዱ ልምምድ የሚገባባቸው ናቸው። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ልምምዱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀመሩ ለእኛ ተብሎ የተሰናዳ ይመስላል። ስለዚህ ሁዳዴ የመሠረት ጊዜ፣ በዓለ ሃምሳ የግንባታ ጊዜ፣ የሐዋርያት ጾም መጀመሪያ የማረፊያ ጊዜ ሆነ።

ጾሙን ስለ መጾም ጉዳይ የንስሐ አባቴን አማክሬያለሁ። የተሰጠኝ ምክር ለእኔ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም፤ እናንተም የራሳችሁን አባት አማክሩ። እኔ የምናገረው ስለ ልምምዱ አቀማመጥ ነው።

በሁዳዴ የሳምንቱ ልምምድ በጠቅላላው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰንኩት፣ ሩጫም አልጨመርኩም። የቀኑ ትልቁ ልምምድ ወደ ማታ ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቶሎ የሚፈጭ ምግብ፦ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ወይም 100 ግራም በሶ በስኳር ተበጥብጦ፤ በሶው ብቻውን 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ውኃ ቀስ እያሉ እስከ አንድ ሊትር። ከዚያ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ፣ ካበቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትልቁ ማዕድ። ዘይት የበዛበት ወጥና ምስር ከልምምድ በኋላ ይሁን፤ በፊት ከሆነ ሆድ ይነፋል። ቅዳሜና እሁድ የሰዓት ጾም ስለሌለ ረጅሙን ብስክሌት፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን፣ ቅዳሜ እየበላሁ ሠራሁት። የምትቆርቡበትን እሁድ ከልምምድ ነጻ አድርጉት፤ 18 ሰዓት ጹሞ መሮጥ አይገባም። ረመዳንን የምትጾሙ ወንድሞችና እህቶችም ይኸው ማታ የመለማመድ መላ ይሠራላችኋል፤ ከባዱን ከአፍጥር በኋላ፣ ቀላሉን ከአፍጥር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት።

ፕሮቲን ለእንዲህ ዓይነቱ ልምምድ በኪሎ ክብደት 1.8 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ለእኔ በቀን 122 ግራም። በጾም ምግብ ይሞላል፣ ግን ሳይመዝኑ አይሞላም። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም፣ መቶ ግራም ኦቾሎኒ 25 ግራም፣ መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ ይሰጣል። አንድ ሰው በአንድ ማዕድ የሚበላው ሽሮ ዱቄቱ 60 ግራም ቢሆን ነው፤ ፕሮቲኑ ከ12 ግራም እምብዛም አያልፍም። ክፍተቱን የሞላሁት በአኩሪ አተር ወተትና በአተር ፕሮቲን ዱቄት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት ተመዘኑ፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ከቀነሰ ልምምዱን ሳይሆን ምግቡን አስተካክሉ።

ሁዳዴ ለዋና የተመቸ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ካደግን በኋላ ስለሆነ የሚጎድለን ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመዋኘት አራት ጊዜ 40 ደቂቃ ይበልጣል። ፍጥነታችሁን ለመለካት 400 ሜትርና 200 ሜትር በሙሉ ኃይል ዋኙ። አራት መቶው 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ፣ ሁለት መቶው 4 ደቂቃ ከሆነ ልዩነቱ ለ200 ሜትር 4 ደቂቃ ከ20 ነው፤ ስለዚህ ለ100 ሜትር 2 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ትክክለኛ የጽናት ፍጥነታችሁ ነው። ትከሻችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እጅ ከጭንቅላት ፊት ወደ ማዶ መሻገሩ ነው።

ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ በሙሉ የእረፍት ሳምንት አድርጉት። የስቅለት ዕለት ስግደት ለታፋና ለባት ከባድ ሥራ ነው፤ ሕመሙ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። እሱን እንደ ልምምድ ሳይቆጥር ቅዳሜ ብስክሌት የወጣ ሰው ጉልበቱን ይታመማል። አክፍሎት የምትይዙ ከሐሙስ ጀምሮ ምንም አትሥሩ። ከፋሲካ በኋላም ሦስት አራት ቀን ለሆድ ስጡ፤ ከሁለት ወር ጾም በኋላ ዶሮና ቅቤ በልቶ ረጅም ልምምድ አይሆንም።

ከዚያ በዓለ ሃምሳ። ሁለት ሳምንት ጨምሬ ሦስተኛውን አቀለልኩ፦ 12፣ 14፣ 8፣ ቀጥሎ 14፣ 15 ተኩል፣ 9፣ በመጨረሻም አንድ የ15 ሰዓት ሳምንት። ዕድሜያችሁ ከአርባ በታች ከሆነና ሥራችሁ ጉልበት የማይጠይቅ ከሆነ ሦስት ጨምራችሁ አራተኛውን ማቅለል ትችላላችሁ፤ መጋዘን ወይም ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ቆማችሁ የምትውሉ ግን የእኔን ያዙ። የቀለለው ሳምንት የተረፈ ሰዓት አይደለም። ሰውነት የሚገነባው ያን ጊዜ ነው።

የሙሉው ሳምንት አቀማመጥ ይህን ይመስላል። ሰኞ ቀላል ዋና ወይም እረፍት። ማክሰኞ የአንድ ሰዓት ሩጫ፣ በውስጡ አምስት ጊዜ 6 ደቂቃ በወሰን ፍጥነት፣ ማታ የግማሽ ሰዓት የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ። ረቡዕ 90 ደቂቃ ብስክሌትና አንድ ሰዓት ዋና። ሐሙስ ረጅሙ ሩጫ፣ ከአንድ ሰዓት ከሃምሳ እስከ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ በቀላል ፍጥነት። ዓርብ 3 ኪሎ ሜትር ዋና። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ብስክሌት፣ ወርዶ ወዲያው 25 ደቂቃ ሩጫ። እሁድ አጭር ቀላል ሩጫ፣ 40 ደቂቃ። ብዙ ሠንጠረዥ ረጅሙን ሩጫ እሁድ ላይ ያደርገዋል። ቅዳሜ የደከመ እግር ላይ ረጅም ሩጫ መጨመር ለአጥንት ከሁሉ የከፋ ጥምረት ስለሆነ ሥራችሁ ከፈቀደ ወደ ሳምንቱ መካከል አምጡት። ሩጫውም ከሁለት ሰዓት ተኩል አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰዓት ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል።

የብስክሌቱ ምግብ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። በ150 ዋት አምስት ሰዓት መግፋት 2,700 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በመንገድ ያልተበላ ቀን ማታ አይካካስም። በሰዓት በ40 ግራም ካርቦሃይድሬት ጀምሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ 10 ግራም እየጨመራችሁ 80 ድረሱ፤ አንጀት እንደ እግር ይለምዳል። ርካሹ አሠራር ይህ ነው፦ በ750 ሚሊ ሊትር ውኃ 50 ግራም ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ የካርቦሃይድሬት ዱቄት)፣ 30 ግራም ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) እና አንድ ግራም ተኩል ጨው። ማልቶዴክስትሪን ካላገኛችሁ ተራ ስኳር 80 ግራም ይሠራል፣ ጣፋጭነቱ ብቻ ይከብዳል። የላባችሁን ልክ ለማወቅ ከአንድ ሰዓት ልምምድ በፊትና በኋላ ራቁታችሁን ተመዘኑ። 900 ግራም ከቀነሳችሁና ግማሽ ሊትር ከጠጣችሁ ላባችሁ በሰዓት 1.4 ሊትር ነው። ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን መተካት ይበቃል። ከልምምድ ስትመለሱ ክብደታችሁ ከጨመረ ውኃ አብዝታችኋል፤ ይህ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ኢቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ ረጅም ልምምድ ወይም ውድድር መሥራት ለኩላሊት አደገኛ ነው፣ ተዉት።

እንቅልፍ ስምንት ሰዓት ካልሞላ የሚቀጥለው ጠዋት ልምምድ ይቀራል፤ ይህን ደንብ ያለ ድርድር ያዝኩት። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የማታ ሦስተኛ ስኒ ቡና እኩለ ሌሊትም አብሮን አለ። ቡና ማፍላት የምንገናኝበት ነውና ተዉት አልልም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አድርጉት። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ከተለመደው በ6 ምት ከፍ ብሎ ሦስት ቀን ከቆየ ከባዱን ቀን ወደ ቀላል ለውጡ። መታሻ፣ የመጭመቂያ ካልሲና በረዶ ውኃ ደስ ካላችሁ ተጠቀሙ፤ ከጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ በኋላ ወዲያው በረዶ ውስጥ መግባት ግን ጡንቻው ለመጠንከር የሚያደርገውን ሥራ ይቀንስበታል። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ በቅድሚያ ለምግብና ለጥቁር መጋረጃ አውጡት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ሰዓቱን መጀመሪያ በሩብ፣ ከዚያ በግማሽ፣ በውድድሩ ሳምንት በሁለት ሦስተኛ ቀንሱ። ፍጥነት ያላቸውን አጫጭር ክፍሎች አታጥፉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ 4 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ጊዜ እግር ይከብዳል፣ ትናንሽ ሕመሞች ይነሣሉ፣ ሰውም ደንግጦ ተጨማሪ ልምምድ ያስገባል። አታስገቡ። ለሐይቁ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ክፍት ውኃ ላይ፣ ደማቅ ተንሳፋፊ አስራችሁ፣ ከሰው ጋር ዋኙ። ዌትሱት፣ ማለትም ሙቀት የሚይዘው የጎማ መዋኛ ልብስ፣ የሚፈቀደው ውኃው እስከ 24.5 ዲግሪ ሲሆን ነውና ሙቀት በበዛበት ዓመት ያለ እሱ ለመዋኘት ተዘጋጁ።

በውድድሩ ቀን ብስክሌቱን ለአንድ ሰዓት መያዝ ከምትችሉት ዋት 70 በመቶ ላይ ያዙት። ለእኔ 220 ስለነበር 154 ማለት ነው። የሩጫውን የመጀመሪያ አሥር ኪሎ ሜትር ከምትፈልጉት ፍጥነት በየኪሎ ሜትሩ በ15 ሴኮንድ ዘግይታችሁ ሩጡ። ከውድድሩ በኋላ ባለው ሳምንት እርምጃና ቀላል ዋና ብቻ፤ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሙሉ አይታሰብ፣ ከባድ ሩጫ ከአራት ሳምንት በፊት አይሞከር። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ስለሚዘልቅ የፕሮቲኑን ሚዛን በእነዚያ ቀናትም አትተዉ። ፌሪቲንን ከውድድሩ በኋላ በስምንተኛው ሳምንት እንደገና አስለኩ።

ለምዝገባ ከመክፈላችሁ በፊት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ተመልከቱ። በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4፣ በ2019 ግን ሚያዝያ 24 ነው። እንደ 2019 ሲዘገይ ከፋሲካ እስከ ሰኔ መጨረሻ ስምንት ሳምንት ብቻ ስለሚቀር፣ ማቅለያው ሲነሣለት ለከባድ ልምምድ የሚተርፈው አምስት ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት በገናና በሁዳዴ መካከል ስምንት ሳምንት የሚያህል ጊዜ ይከፈታል። አንዱን ከባድ ክፍል እዚያ አስገቡት፤ ብስክሌቱ ቤት ውስጥ፣ ሩጫው አጭርና ተደጋጋሚ፣ ጾመ ነነዌ የምትውልበት ሳምንት የእረፍት ሳምንት ይሁን።